ክኒኑን የሚተፋው ሕጻን



ባሕር ዳር ጣና ዳርቻ በማለዳ የቆመ ሰው ለታንኳ የሚሆን ደንገል የሚያጭዱ የነገደ ወይጦ ወንድሞቻችንን፣ ልብስ የሚያጥቡ እናቶችን፣ የሚንቦራጨቁ ሕጻናትን ያያል። ዉዱእ የሚያደርግበትም አለ። በዚሁ ውሃ ግን ቢልሃርዚያ ይገኛል። ከታመመ ሰው ሰገራ ጋር ውሃ የገባው የትል እንቁላል ይፈለፈላል፤ በቀንድ አውጣ ውስጥ ተባዝቶ ይወጣል፤ ከዚያም የሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ሲቆይ ጉበትን ይጎዳል፤ ልጆችን ከእድገትና ከትምህርት ወደ ኋላ ያስቀራል።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። ሆኖም ክኒኑ ትልቅ ነው፤ መራራም ነው። እናት ሰባብራ ብትሰጠው ሕጻኑ ይተፋዋል። በዚህና ለእድሜያቸው የሚሆን ክኒን ባለመኖሩ ለትምህርት ያልደረሱ ሕጻናት ለረጅም ዘመን ከእደላው ውጭ ቀርተው ኖረዋል።

መድኃኒት ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ በታማሚው ሰውነት ውስጥ በሚገባ ማድረስ ደግሞ ሌላ፣ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። በሀገራችን በዚህ ዘርፍ ከሚታወቁት አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፋርማሲ ምሁር ፕሮፌሰር ፅጌ ገብረማርያም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት ከእንሰት የሚገኝ ስታርች ለክኒን ሥራ እንደሚውል አሳይተዋል። ስታርቹ ሁለት ጥቅም አለው፦ የመድኃኒቱን ዱቄት አያይዞ ክኒን ያደርገዋል፤ ሆድ ሲደርስ ደግሞ ውሃ መጥጦ ያብጥና ይበትነዋል። ቡላ ብለን የምንበላው ተክል ለመድኃኒትም ይበጃል ማለት ነው። ሱብሐነላህ!

የሕጻናቱም ጉዳይ በዚሁ ዕውቀት መላ አግኝቷል። ፕራዚኳንቴል እንደ ቀኝና ግራ እጅ የሚመሳሰሉ ሁለት ቅርጾች አሉት። ትሉን የሚገድለው አንደኛው ነው፤ ሌላው ምሬቱን ያብሳል። ተመራማሪዎች ጠቃሚውን ብቻ ለይተው ከ3 ወር እስከ 6 ዓመት ለሆናቸው ሕጻናት በውሃ የሚሟሟ የ150 ሚሊ ግራም ክኒን ሠሩ። በኬንያና በአይቮሪኮስት ተፈትኖ፣ በ2023 ማብቂያ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ደገፈው፤ በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት ተቀበለው።

ይሁንና ክኒን የዳነ ልጅ ዳግም እንዳይያዝ አያግድም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አስተምረውናል፤ ሰው በሚገለገልበት ውሃ ዳር መጸዳዳትንም ከልክለዋል። እንግዲህ ሽንት ቤት መቆፈር፣ ልጆቻችንን ከሐይቁ ዳር ማራቅና ክኒን ሲታደል ማስዋጥ የኛ የወላጆች አማና ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ያግራልን፤ አሚን።