ገበያ ሲዘጋ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

መጋቢት 22 ቀን 2012 የአማራ ክልል መንግሥት የኮሮና ቫይረስን ለመግታት ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ቲሊሊ ከተሞች ለ14 ቀናት እንዲዘጉ ወሰነ። ግንደወይን ከተዘጉት መካከል አልነበረችም። ሆኖም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ የምትተዳደረው ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ነው። የመንገዱ አንድ ጫፍ ሲዘጋ ወደዚያ የሚጭነው ነጋዴ መዳረሻ ያጣል፤ ከዚያ የሚመጣው ሸቀጥ ይዘገያል፤ መናኸሪያው ዳር ሻይ የምታፈላው ሴት ደንበኛ ያጥራታል። ከተማዋን ማንም በአዋጅ ባይዘጋትም የመዘጋቱ ዋጋ ይደርሳታል።

ስለ ወረርሽኝ ገደብ ሲነሣ ክርክሩ ብዙ ጊዜ “ይዘጋ” በሚሉና “አይዘጋ” በሚሉ መካከል ተወስኖ ይቀራል። ሁለቱም ወገኖች የሚያልፉት ጥያቄ አለ፤ የሚዘጋ ከሆነ ሒሳቡ በማን ላይ ይወድቃል?

ጥያቄው ከኮሮና ጋር አብሮ ያለፈ እንዳይመስል ኅዳር 5 ቀን 2018 በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ መከሰቱ መረጋገጡን ማስታወስ ይበቃል። ማርበርግ ከታማሚው ደምና ከሰውነቱ ከሚወጣ ፈሳሽ ጋር በቀጥታ በመነካካት የሚተላለፍ ስለሆነ ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች ለይቶ በመከታተል ሊገታ ቻለ፤ አገር ሳይዘጋም በጥር ወር ማብቃቱ ታወጀ። በትንፋሽ የሚዛመት ሌላ በሽታ ቢመጣ ነገሩ እንዲህ አይቀልም። ያን ጊዜ ደግሞ ውሳኔው የሚወርደው ከጄኔቫ አይደለም። የዓለም የጤና ጉባኤ ግንቦት 12 ቀን 2017 ያጸደቀው የወረርሽኝ ስምምነት የዓለም የጤና ድርጅት አገሮችን “ዝጉ” ብሎ የማዘዝ ሥልጣን እንደሌለው በግልጽ አስፍሯል። የሚወስነው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ነው።

በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ የመረጠችው መካከለኛውን መንገድ ነበር። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ተገኘ፤ ትምህርት ቤቶች በሦስተኛው ቀን ተዘጉ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሙሉ በሙሉ ቤት የመቀመጥ ትእዛዝ እንደማያወጡ ሲያስረዱ፣ ቤት የሌለው ሰው ቤትህ ተቀመጥ ሊባል እንደማይችል፣ ቤት ያለውም ቢሆን የዕለት ጉርሱን በዕለቱ እየሠራ የሚያገኝ መሆኑን አንሥተዋል። ክርክሩ ከባድ ነበር፣ ውሳኔውም በአመዛኙ ትክክል ነበር ማለት ይቻላል። ያን ሰሞን የህንድ መንግሥት በአራት ሰዓት ማስጠንቀቂያ አገሩን ሲዘጋ፣ ሥራም ማደሪያም ያጡ የቀን ሠራተኞች በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በእግራቸው ወደ ገጠር ሲጓዙ ዓለም አይቷል። ሰውን ከከተማ ያባረረ ገደብ ቫይረሱን አብሮ ወደ መንደር ይሸኛል።

ይሁንና “አልተዘጋም” ማለት “አልተከፈለም” ማለት አልነበረም።

ከሁሉም ይልቅ በየቀኑ የሚሰማው ገደብ የትራንስፖርቱ ነበር። ክልሎች በየፊናቸው የረጅም ርቀት የሕዝብ ማመላለሻን አገዱ ወይም ገደቡ። መጓዝ በተፈቀደበት ቦታ ደግሞ ተሽከርካሪዎች የሚጭኑት የወንበራቸውን ግማሽ እንዲሆን ሲደነገግ ታሪፉ በእጥፍ እንዲያድግ ተደረገ። ሒሳቡ ቀላል ነው። 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ ከአንድ ሰው 50 ብር ያስከፍል ከነበረ በአንድ ጉዞ 600 ብር ያገኛል፤ 6 ሰው ጭኖ 100 ብር ሲያስከፍልም ያው 600 ብር ነው። የባለንብረቱ የጉዞ ገቢ አልተነካም፣ መንግሥትም ከካዝናው አላወጣም። ባዶውን ወንበር የተከራየው መንገደኛው ነው። ከግንደወይን ሞጣ ሆስፒታል ታማሚ የሚያደርስ ገበሬም፣ ቢቸና ፍርድ ቤት የተቀጠረ ባለጉዳይም እኩል ይከፍላል፤ ይህ የድሃውን ኪስ አብልጦ የሚነካ፣ ስሙ ያልተጠራ ግብር ነበር።

ደንቡ ራሱን የሚያስጥስ ፍላጎትም ፈጥሯል። ባዶ ወንበር እያለ ታሪፉ እጥፍ ከሆነ፣ ኬላውን ካለፉ በኋላ ትርፍ መጫን ለሾፌሩና ለረዳቱ ከመቼውም የበለጠ አዋጭ ይሆናል። ጉዞው በእጥፍ ዋጋም በሙሉ መጠጋጋትም የሚፈጸምበት ሁኔታ ማለት ነው። የጤና ዓላማው ሳይሳካ የኢኮኖሚ ዋጋው ብቻ ይቀራል።

እንደ ግንደወይን ባለች ከተማ ዋናው ነገር የገበያ ቀን ነው። በዚያ ቀን የሚገናኙት ሰዎች ግን ለመጠበቅ ያላቸው አቅም የተለያየ ነው። ጤፍ በጎተራ ያለው ገበሬ ዋጋው እስኪሻሻል ወይም መንገዱ እስኪከፈት ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ጤፍ ከነቀዝ የሚተርፍ እህል ነውና። በመጋዘን ኩንታል የደረደረው ነጋዴ እንዲያውም ከመዘግየቱ ሊያተርፍ ይችላል። ጠላ ጠማቂዋ ግን ጌሾና ብቅሏን በዱቤ ገዝታ የጠነሰሰችው ለዚያ ቀን ነው፤ ካልተሸጠ ይሆመጥጣል። ጉልት ላይ ቲማቲምና ቃሪያ የምትቸረችረው ሴት፣ ተሸካሚው፣ ባለጋሪው፣ ሊስትሮው ያለፈውን ገበያ በሚቀጥለው ሊያካክሱት አይችሉም። ያመለጠ ቀን ያመለጠ ገቢ ነው።

ወቅቱም ክፉ ነበር። ገደቡ የወደቀው በዐቢይ ጾም ማብቂያ፣ ሚያዝያ 11 ለዋለው ፋሲካ ሰው በሚሸምትበት ሳምንት ነው። ገበሬ ቤት በጉ፣ ዶሮው፣ እንቁላሉና ቅቤው ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚለወጠው በዓል ሲደርስ ነው፤ ከዚህ ገንዘብ ከፊሉ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር ይውላል። የበዓል ገበያ ሲቀዘቅዝ ጉዳቱ በመኸሩ እርሻ ላይ ሊታይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ከተዘራ በኋላ ደግሞ ከጎጃም ብዙ ወጣት ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። ይህን ጉዞ የሚከለክል ገደብ የሰሊጥ ባለሀብቱን የሰው ጉልበት ያሳጣዋል፤ ጎንቻ ውስጥ ያለውን ቤተሰብ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ከሚያገኛቸው ጥቂት ገቢዎች አንዱን ይነጥቀዋል።

በጎ የሆነው ነገርም መጠቀስ አለበት። የጭነት መኪና አልታገደም። የጎጃም ጤፍ አዲስ አበባ እህል በረንዳ መድረሱን ቀጠለ። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በዋና ከተማዋ ያነጋገሯቸው ቤተሰቦች ብዙዎቹ ገቢያችን ቀንሷል ቢሉም የምግብ ፍጆታቸው ግን ያን ያህል አለመውረዱን አግኝተዋል። የዓለም ባንክ በስልክ ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት የመጀመሪያ ዙርም ከግማሽ በላይ የሆኑ ቤተሰቦች ገቢያቸው እንደቀነሰ ወይም እንደተቋረጠ ተናግረዋል። (በስልክ የተጠየቀው ስልክ ያለው ሰው መሆኑን ልብ ይሏል።) ይህ ሁሉ በገደቡ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሰው ፈርቶ ራሱ ቤቱ ይውላል፣ የውጭ ቱሪስትም ይቀራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአውሮፓውያኑ 2020 የመጀመሪያዎቹ ወራት 550 ሚሊዮን ዶላር ገቢ ማጣቱን የገለጸው የኢትዮጵያ አዋጅ ስላሰረው አይደለም፤ ሌላው ዓለም ስለተዘጋ ነው።

ድጋፉስ የት ሄደ? ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ። መንግሥት ከ2007 ዓ.ም. በፊት የነበረ የግብር ዕዳ ሰረዘ፤ ሥራ አቁመውም ለሠራተኞቻቸው ደመወዝ ለሚከፍሉ ድርጅቶች የአራት ወር የሥራ ግብር ተወላቸው። አዋጁ አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳያባርሩ፣ አከራዮችም ተከራይ እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ ከለከለ። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ተገቢ ነው። አንድ ላይ ሲነበቡ ግን የሚደርሱት ለማን እንደሆነ ይታያል፤ የባንክ ብድር ላለው፣ የግብር ፋይል ላለው፣ የቅጥር ውል ላለው። የቀን ሠራተኛን ማባረር የተከለከለ ቢሆንም መጀመሪያውኑ የቀጠረው የለም፤ ነገ “ና” ካልተባለ በቃ። ለእንዲህ ያለው ሰው የታሰበው የከተማ ሴፍቲኔት በመጀመሪያው ምዕራፉ 11 ከተሞችን ያቀፈ ሲሆን ከአማራ ክልል ደሴ ብቻ ነበረች። ግንደወይን፣ ቢቸናና ሞጣ የሚያህሉ ከተሞች ከዚህም ከዚያም የወጡ ናቸው፤ ለገጠር እርዳታ ከተሜ፣ ለከተማ ድጋፍ ትንሽ።

የእነዚህ ከተሞች መድን ዕቁብና ዕድር ነው። አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ሲከለክል፣ የዕቁብ ዕጣ የሚወጣበትን ስብሰባ ጭምር መከልከሉን ያሰበበት ያለ አይመስልም። ተላላፊው እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር ቅጣት ይጠብቀው ነበር። በትልቅ ከተማ ያለ ነጋዴ ዕቁቡን በባንክ ዝውውር ሊያስቀጥል ይችላል። ቁጠባዋን በየገበያው ቀን በእጇ የምታስረክብ ጉልት ነጋዴ ግን ስብሰባው ሲቀር ብድሯም ቀረ ማለት ነው፤ ያውም በጣም በሚያስፈልጋት ሰዓት።

ከመዝጋት ውጭ አማራጭ አልነበረም እንዳይባል አዲስ አበባ ራሷ አንድ ምሳሌ ትታለች። ፒያሳ አጠገብ ተጨናንቆ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ሚያዝያ ገደማ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ገበያው አልቆመም፣ ሜዳ ላይ ተዘረጋ። ክረምቱ ሲገባ ጭቃው ነጋዴውን አስመርሮታል፣ የማራገፊያና የማጓጓዣ ወጪም ነበረው፤ ቢሆንም ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ ከተማው መግባቱን አላቆመም። የገጠር ከተማ ገበያ ከመጀመሪያውም ሜዳ ላይ የሚውል ስለሆነ ይህን ማድረግ ይቀልለታል። የእህል ተራውን ከከብት ተራው ማራራቅ ወይም የሳምንቱን አንድ ገበያ በሁለት ቀን መክፈል ከወረዳ አስተዳደር አቅም በላይ አይደለም።

ስለ አዲስ ገደብ የሚከራከር ሰው ከ2012 ወዲህ የተለወጠውንም መቁጠር አለበት። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ለስድስት ወር የታሰበው በአራት ወር ተራዘመ። ግንደወይን የምትገኝበት ምሥራቅ ጎጃም ቫይረስ በሌለበት የመንገድ መዘጋትን፣ የኢንተርኔት መቋረጥንና የትምህርት መስተጓጎልን ኖሮበታል። በ2012 ለክፉ ቀን የተቀመጠች በግ፣ የተቀበረች ብር፣ የሚያበድር ዘመድ ነበር። ያ ቅሪት በአብዛኛው ቤት ተሟጧል። ስለዚህ ያኔ ለሁለት ሳምንት የተቻለው ገደብ ዛሬ ለዚያው ሕዝብ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ አይከብድም።

ኮሮና በኢትዮጵያ በይፋ የተመዘገበ ከ7,500 በላይ ሰው ገድሏል፤ በሽታው ቀልድ አልነበረም፣ ቀጣዩም ላይሆን ይችላል። ገደብ አስፈላጊ የሚሆንበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ሩዋንዳ መጋቢት 2012 ላይ ስትዘጋ ኪጋሊ ውስጥ ለድሃ ቤተሰቦች ባቄላና ዱቄት ማደል የጀመረችው ትእዛዙን ባወጣች በቀናት ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚወጣ መመሪያም “ግማሽ ወንበር” ሲል የሌላውን ግማሽ ከፋይ በስም መጥራት ይችላል፤ ነዳጅ ላይ የሚደረግ ጊዜያዊ ድጎማ ወይም ለዚያ ጊዜ ከተሽከርካሪ ባለንብረቱ የሚነሣ ግብር ታሪፉን ባለበት ሊያቆየው ይችላል። ቀኑም ይመረጣል። ጥር ላይ፣ ጤፉ ከአውድማ በገባ ማግስት የሚመጣ የሁለት ሳምንት ገደብና ሰኔ ላይ፣ ማዳበሪያ በሚከፋፈልበትና ጎተራው በሚራቆትበት ሰሞን የሚመጣ የሁለት ሳምንት ገደብ በጤና ሚኒስቴር ሰንጠረዥ ላይ እኩል 14 ቀን ናቸው። በግንደወይን አንዱ የገበያ መቀዝቀዝ ነው፤ ሌላኛው ሳይዘራ የቀረ ማሳ ነው።