የእናቴ ቀሚስ ጥበብ አባዡር ላይ

በየቤታችን ጥግ ይዞ የተቀመጠ አንድ አሮጌ አባዡር አይጠፋም። እግሩ ደህና ነው፣ አምፖሉም ይበራል። ቆቡ ግን ቢጫ ሆኖ፣ ጠርዙ ተላቆ፣ አቧራ ጠጥቶ ለዓይን ያስጠላል። ብዙ ሰው እንዳለ ለቆራሌው ይሰጠዋል። የተበላሸው ግን ጨርቁ ብቻ ነው። የሽቦው ቀፎ ካልተጣመመ አዲስ ጨርቅ ማልበስ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ስልካችሁ ላይ ብትፈልጉ ቪዲዮው መዓት ነው። ችግሩ፣ ብዙዎቹ የሚጀምሩት እኛ ሰፈር ሱቅ ከማይገኝ፣ ጀርባው ከሚለጠፍ የፕላስቲክ ወረቀት ነው። ይቅርባችሁ። አሮጌው ቆብ ካልተቀደደ ራሱ መደገፊያ ስለሚሆን እላዩ ላይ መለጠፍ ይቻላል። የሚያስፈልገው ጋዜጣ፣ እርሳስ፣ ስለታም መቀስ፣ አናጢዎች የሚሠሩበት ነጭ ኮላ፣ ብሩሽና የልብስ መቆንጠጫ ነው። እና ጨርቅ።

ወሬው ሁሉ ያለው እዚህ ጨርቁ ላይ ነው። እኔ ዓይኔን የጣልኩት የእናቴ የድሮ የሐበሻ ቀሚስ ላይ ነበር። በእጅ የተሸመነ ነው። ትከሻው ሳስቶ ተተርትሯል፣ መልበስ ከተወች ዓመታት አልፈዋል። ስጠይቃት ግን "ጥበብ አምፖል ላይ? ሰው ምን ይላል?" አለችኝ። መጀመሪያ የቀለደች መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም። ለእሷ ያ ነገር ቢያረጅም ልብስ ነው፣ የተለበሰበት ቀንም አለው። አንዴ መቀስ ከገባበት ደግሞ የሚመለስ ነገር የለም። እኔም አልገፋኋትም። በሦስተኛው ቀን ራሷ ሳጥኑን ከፍታ አወጣችውና "የደረቱን ጥበብ እንዳትነኪ፤ የታችኛውን ውሰጂ" አለችኝ።

ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ማታ የክፍሉን መብራት አጥፉና የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ከጨርቁ ጀርባ ያዙት። ቀን የማይታይ እድፍ፣ የተጣፈ ቦታ፣ የሳሳ ክር ሁሉ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። ጥበቡ ያለበት ቦታ ክሩ ጥቅጥቅ ስላለ ብርሃን ብዙም አያሳልፍም፤ ነጩ ሸማ ግን ብርሃኑን አለስልሶ ይለቀዋል። ስለዚህ ቆቡን በሙሉ ጥበብ ካለበሳችሁት ብርሃኑ በላይና በታች ብቻ ይወጣል፣ ክፍሉም ይጨልማል። ለማንበቢያ ከሆነ አይሆንም። ለእኔ የሚጥመኝ አብዛኛው ነጭ ሆኖ ግርጌው ላይ ብቻ ጥበብ ያለው ነው፣ ልክ እንደ ቀሚሱ።

አሁን ወደ ልኬት። ቆቡ ከበሮ ዓይነት፣ ላይና ታቹ እኩል ከሆነ ቀላል ነው፤ ቀጥ ያለ ጨርቅ ዞሮት ይገጥማል። የእኔው ግን አናቱ 18 ሴንቲ ሜትር፣ ግርጌው 32 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከታች ሰፋ ብሎ ወደ ላይ የሚጠብብ ነው። እንዲህ ያለውን ጋዜጣ ላይ አስተኝታችሁ ከስፌቱ ጀምራችሁ እያንከባለላችሁ የላይና የታች ጠርዙን በእርሳስ ተከተሉ። የሚወጣው ቅርጽ እንደ ቀስት የጎበጠ ነው። በላይም በታችም 2 ሴንቲ ሜትር ለማጠፊያ ጨምሩ። ጨርቁን ቀድማችሁ እጠቡት፣ ተኩሱት። በኋላ ቢሸበሸብ አይስተካከልም።

ጣጣው ያለው ጥበቡ ላይ ነው። ጥበብ ቀጥ ብሎ ነው የሚሸመነው፤ የጎበጠ ቦታ አይወድም። የግርጌው ዙሪያ 1 ሜትር ገደማ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ ግን ዙሪያው ወደ 29 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። ያን ሁሉ ትርፍ ጨርቅ የት ታደርጉታላችሁ? ሰፈራችን ያሉት ልብስ ሰፊ ጋሼ አይተው ሳቁና "ሰፊውን ተይው፤ ቀጭኑን አውጪ" አሉኝ። ከጥበቡ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን ለይተው ቆረጡልኝ። እዚያ ላይ ትርፉ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ በላይኛው ጠርዝ በኩል ረዘም ረዘም ያለ ስፌት ሰፍተው ክሩን ቀስ ብለው ሳቡት። ጥበቡ ሳይጨማደድ ጎበጥ አለ። እጅጌ ትከሻ ላይ ሲገጥሙ የሚሠሩት ያው ነው አሉኝ። ይህን የትኛውም ቪዲዮ ላይ አላየሁትም።

ኮላውን ቆቡ ላይ እንጂ ጨርቁ ላይ አትቀቡ። የእጅ ሸማ ሳሳ ስለሚል ኮላው በልጦ ይወጣና ሲደርቅ ነጥብ ነጥብ ይሠራል። ስስ አድርጋችሁ፣ አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ብቻ እየቀባችሁ፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ በእጃችሁ እያለሰለሳችሁ ሂዱ። ፈጥኖ የሚደርቀውን ማጣበቂያ እርሱት፤ ማስተካከያ ጊዜ አይሰጥም። ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በልብስ መቆንጠጫ ያዙትና ይደር።

መጨረሻ ላይ አምፖሉ። ከሥራው በፊት ስፒናውን መንቀል ግዴታ ነው። የቆቡን ውስጥም እዩ፤ አናቱ አካባቢ ቡናማ የተቃጠለ ምልክት ካለ አምፖሉ ሲያግል ኖሯል ማለት ነው። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ከሚበላው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። ጥጥ ደግሞ የሚነድ ነገር ነው። ተመሳሳይ ብርሃን የሚሰጠው ኤልኢዲ 9 ዋት ገደማ ይበቃዋል፣ ሙቀቱም በጣም ያነሰ ነው። ያም ቢሆን አምፖሉ ጨርቁን መንካት የለበትም። ገመዱ የተሰነጣጠቀ ከሆነ መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን ይየው፤ ጨርቁ ይደርሳል።

የብርሃኑን ቀለም ሞቅ ያለውን ምረጡ። ነጭ ሸማ ከነጭ አምፖል ጋር ሆስፒታል ይመስላል።

እናቴ በመጀመሪያው ማታ መዳፏን ጨርቁ ላይ አድርጋ ሙቀቱን ለካች። ቆይታ፣ የተረፈውን ጥበብ የት እንዳስቀመጥኩት ጠየቀችኝ።