ስስ ሽፋን ሶላር፦ ከፀጉር የቀጠነ የኮረንቲ ምንጭ

በጎጃሟ ጉንደ ወይን ከተማ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተሰካ ሶላር ካያችሁ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱት። በአራት ማዕዘን ቁርጥራጮች የተከፋፈለ ሆኖ በየቁራጩ ላይ የብር ክር የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች ካሉበት የሲሊከን ክሪስታል ነው፤ የዓለምን ገበያ የያዘውም እሱ ነው። በፀሐይ የሚሠራ ካልኩሌተር ላይ ከቁጥሮቹ በላይ ያለችው ቡናማ ቅብ ግን ሌላ ዘር ናት፤ ስስ ሽፋን ሶላር ትባላለች።

የሁለቱም ሥራ አንድ ነው። ብርሃን ሰሚኮንዳክተር (ከፊል አስተላላፊ) ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖች ከታሰሩበት ይፈታሉ፤ በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ወደ አንድ ወገን ሲነዳቸው ኮረንቲ ይሆናሉ። የሚለያቸው ብርሃን የመዋጥ ችሎታቸው ነው። የሲሊከን ክሪስታል ብርሃንን ቶሎ ስለማይውጥ 150 ማይክሮን ያህል መወፈር አለበት። ካድሚየም ቴሉራይድ ለተባለው የስስ ሽፋን ዓይነት ግን 3 ማይክሮን ገደማ ይበቃዋል፤ ስለዚህ በመስታወት ላይ በትነት ይለበጣል።

እንከን የሌለው ግን የለም። የካልኩሌተሯ አሞርፈስ ሲሊከን ርካሽ ቢሆንም ፀሐይ ላይ በዋለ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ይህን ተመራማሪዎቹ ስቴብለርና ሮንስኪ በ1977 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ካድሚየም ቴሉራይድ በትልልቅ ማመንጫዎች ተፈትኗል፤ ነገር ግን ካድሚየም መርዛማ፣ ቴሉሪየም ብርቅ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በ3.8 በመቶ ብቃት የጀመረው ፔሮቭስካይት የተባለው ሌላው ዓይነት ዛሬ በቤተ ሙከራ ከ25 በመቶ አልፏል፤ እርጥበት ግን ቶሎ ያበላሸዋል።

ስስ ሽፋን ከፕላስቲክ (ከፖሊመር) ጭምር ይሠራል፤ በዚህ ምርምር የኢትዮጵያውያንም እጅ አለበት። ተመራማሪው አባይ ጋዲሳ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ወንድማገኝ ማሞና በስዊድን የነበሩ ባልደረቦቻቸው በ2007 እ.ኤ.አ. አንድ አዲስ ፖሊመር አስተዋውቀዋል። በፖሊመሩ ውስጥ ኤሌክትሮኑና ትቶት የሚሄደው ባዶ ቦታ በተመጣጠነ ፍጥነት ይጓዛሉ። አንዱ ወደኋላ ከቀረ የኤሌክትሪክ ቻርጁ ይጠራቀምና ከመውጣቱ በፊት ይባክናል፤ የግኝቱ ፋይዳም እዚህ ላይ ነው።

ለጎጃም ደጋ የቱ ይሻላል? ሲሊከን ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ካድሚየም ቴሉራይድ የሚያጣው ከዚያ ያነሰ ነው። ይህ ብልጫ በቆላ ይጠቅማል፤ ብርዱ በሚያግዘው ደጋ ግን ይጠባል። ስለዚህ ሻጩ «ስስ ሽፋን ነው» ሲል ቀጥሎ የሚጠየቀው ከምን እንደተሠራና ዋስትናው ስንት ዓመት እንደሆነ ነው።