ከሥራ አጥነት ወደ ሕይወት አዳኝነት

ማንኛውም ሙያ ከኅብረተሰብ ችግር ይወለዳል፤ በሠራተኞች ላብም ይዳብራል። ዛሬ በአምቡላንስ ውስጥ ሆኖ የተቋረጠ ትንፋሽ የሚመልሰው፣ የሚፈስ ደም የሚገታው ፓራሜዲክ የሚሠለጥንበት ትምህርት በእነማን ተፈተነ? የሚለው ጥያቄ ሲነሳ፣ መልሱ ከታላላቅ አዳራሾች ይልቅ ወደ አንድ የድሆች ሰፈር ይመራናል።

ሰፈሩ በአሜሪካ፣ በፒትስበርግ ከተማ የሚገኘው ሂል ዲስትሪክት ነው። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በከተማይቱ ሕመምተኛን ወደ ሆስፒታል የሚያጓጉዘው በአብዛኛው ፖሊስ ነበር። ሥራውም በቃሬዛ ጭኖ መክነፍ እንጂ በመንገድ ላይ ማከም አልነበረም። ለጥቁሮቹ ነዋሪዎች ደግሞ ችግሩ ድርብ ነበር፤ የጠሩት ፖሊስ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይመጣም። አንጎል ግን አይጠብቅም። ልብ ሲቆም ኦክስጅን ያጣ አንጎል ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ ሆስፒታሉ ምን ያህል ዘመናዊ ነው የሚለው ሳይሆን፣ አስቀድሞ የሚደርሰው ሰው ምን ያውቃል የሚለው ነበር።

ይህን ጥያቄ አጥብቀው የያዙት ልብንና ትንፋሽን የመቀስቀስ ዘዴን ካዳበሩት ሊቃውንት አንዱ የሆኑት የማደንዘዣ ሐኪም ዶክተር ፒተር ሳፋር ናቸው። በ1966 ሴት ልጃቸውን በአስም አጥተዋል። በ1967 ፍሪደም ሀውስ ከተባለው የሰፈሩ ድርጅት ጋር ሥልጠናውን ሲጀምሩ የተመለመሉት ሥራ አጥ ጥቁር ወጣቶች ነበሩ። ከመካከላቸው ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ያላጠናቀቁና ቀደም ሲል የታሰሩም ይገኙባቸዋል። ኅብረተሰቡ «ለሥራ አይበቁም» ብሎ የፈረደባቸው እነዚህ ነበሩ።

ሥልጠናው ወደ 300 ሰዓት የሚጠጋ ሲሆን፣ በጊዜው ለአምቡላንስ ሠራተኛ ይበቃል ከተባለው የመጀመሪያ ዕርዳታ ትምህርት እጅግ የላቀ ነበር። ሠልጣኞቹ የሰውን አካል አሠራር ተማሩ። የአየር መተላለፊያን መክፈት፣ ትንፋሽ መስጠትና የደም ዝውውርን መጠበቅ በቅደም ተከተል ተለማመዱ። በሆስፒታልም ከሐኪሞች አጠገብ ቆመው በሕመምተኞች ላይ ሲሠራ አዩ፤ ሠሩም። በ1968 አገልግሎት ጀመሩ። በ1974 የሕክምና ኃላፊ የሆኑት ዶክተር ናንሲ ካሮላይን ከሠራተኞቹ ጋር በአምቡላንስ እየወጡ በአደጋው ሥፍራ አስተማሩ። ከዚህ ልምድ የተቀመረው ትምህርት ለአገር አቀፉ የፓራሜዲክ ሥርዓተ ትምህርት መሠረት ሆነ።

ይሁን እንጂ ዘሩን የዘሩት ሁሉ አዝመራውን አልሰበሰቡም። በ1975 የከተማው አስተዳደር የራሱን አገልግሎት ሲያቋቁም ፍሪደም ሀውስ ተዘጋ። ወደ አዲሱ አገልግሎት የተዛወሩት ነባር ሠራተኞች የሚያውቁትን ሙያ እንደ አዲስ እንዲፈተኑ ተደረገ፤ ብዙዎቹም ከሕክምና ሥራ ተገለሉ፣ ወጡም። ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ጆን ሙን በጽናት ሠርተው እስከ አገልግሎቱ ምክትል ኃላፊነት ደረሱ። የድሃ እጅ ያቀናውን ሥራ ተረክቦ ባለቤቱን ከደጅ ማስቀረት ምን ያህል ግፍ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሕይወት የማዳን ዕውቀት የጥቂቶች የግል ንብረት አይደለም። በቂ ጊዜ፣ ብቁ አስተማሪና የማያቋርጥ ልምምድ ከተገኘ፣ ከመንገድ ዳር የተነሳ ወጣት ሐኪም በሌለበት የሐኪም ዓይንና እጅ መሆን ይችላል። በግማሽ ልብ የሚሰጥ የጥድፊያ ሥልጠና ግን ሠልጣኙንም ሕመምተኛውንም ይጎዳል።

ለሠራተኛውና ለቀበሌው ነዋሪም የሚቀር ድርሻ አለ። ሁሉም ሰው ፓራሜዲክ ሊሆን አይችልም፤ ነገር ግን ደረትን በትክክል መጫንና ደም ማቆም በየፋብሪካውና በየመንደሩ ሊለመድ የሚችል ነው። አምቡላንስ እስኪደርስ ያሉት ደቂቃዎች የሆስፒታሉ አይደሉም፤ የጎረቤት ናቸው። ጎረቤትም በእነዚያ ደቂቃዎች ከንፈር ከመምጠጥ የተሻለ ነገር የሚያደርገው አስቀድሞ ከተማረ ብቻ ነው።