እግርና እጅ የሚያቀናብሩት ዜማ፤ ከሐመር ኢቫንጋዲ እስከ ሮክ መድረክ

በደቡብ ኦሞ፣ ከጂንካ ወደ ደቡብ ሲወረድ በሚገኙት በዲመካና በቱርሚ አካባቢዎች የሐመር ወጣቶች ሌሊት ተሰብስበው የሚጫወቱት ኢቫንጋዲ በአብዛኛው የሙዚቃ መሣሪያ የማይገባበት ጭፈራ ሲሆን፣ ምቱን የሚያበጁት ዘለው መሬት የሚረግጡ እግሮችና የሚያጨበጭቡ እጆች ናቸው። አውጪው ስንኙን ያነሣል፤ ተቀባዮቹ አጭሩን አዝማች በአንድነት ይመልሳሉ። ብዙ ተመልካች ከዚህ ጨዋታ የሚያስታውሰው አለባበሱንና ዝላዩን ብቻ መሆኑ የሚያሳዝን ነው፤ ምክንያቱም ጆሮውን ሰጥቶ ላዳመጠ ሰው ኢቫንጋዲ የራሱ ሥርዓት ያለው የሙዚቃ ቅንብር ነው፤ በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት የሮክ ዘፈኖች አንዱም የቆመው በተመሳሳይ መሠረት ላይ ነው።

ሮክ በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በቤዝ ጊታርና በድራም የሚመራ ሙዚቃ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ዘፈኖቹ ሪፍ በሚባል፣ በጊታር ወይም በቤዝ ተደጋግሞ በሚመጣ አጭር የዜማ ሐረግ ይታወቃሉ። ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው «ዊ ዊል ሮክ ዩ» ግን ድራምም ቤዝም የለውም፤ ጊታሩም የሚገባው ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ነው። የባንዱ ጊታሪስት ብራያን ሜይ ዘፈኑን የደረሰው በአንድ ዝግጅት ላይ ታዳሚው ራሱ ሲዘፍንላቸው ከሰማ በኋላ ሲሆን፣ መነሻ ያደረገውም ተጨናንቆ የቆመ ሕዝብ ምን ማድረግ ይችላል የሚለውን ጥያቄ ነበር፤ መልሱም መርገጥ፣ ማጨብጨብና መዝፈን ሆነ። ሁለት ርግጫ፣ አንድ ጭብጨባና አንድ ዝምታ ተደምረው አራት ምት ይሆናሉ፤ ያ ዝምታ ደግሞ ከድምፁ ባልተናነሰ ዘፈኑን ያቆመዋል፤ የሚቀጥለውን ርግጫ የሚያስናፍቀው እሱ ነውና። ቀረጻው የተካሄደው ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ የለንደን ስቱዲዮ ውስጥ፣ በጣውላ ላይ እየተረገጠ ነበር፤ ፊዚክስ የተማረው ሜይም የጥቂት ሰዎችን ርግጫ ደጋግሞ በመቅዳትና ድግግሞሾቹን በተለያየ መጠን በማዘግየት የሺዎች እንዲመስል አደረገ። ዘፈኑ «ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ» ከተባለው ጋር በአንድ ሸክላ ወጥቶ በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህም ከስታዲየሞች አልጠፋም።

የስኬቱ ምስጢር አድማጩን ተጫዋች ማድረጉ ነው። ኢቫንጋዲም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ግን ሊዘነጋ አይገባም። የኩዊን ግጥም አንዴ ተጽፎ የተዘጋ ሲሆን፣ በሐመርም ሆነ በሌሎቹ የደቡብ ኦሞ ሕዝቦች በሙርሲና በቦዲ ዘንድ ጎልማሳው ስለሚወደው በሬ ቀለምና ቀንድ የሚዘፍነው ዘፈን የዘፋኙ የራሱ ነው፤ በሌላ ሰው አፍ ሲገባም ሌላ በሬ፣ ሌላ ሕይወት ይይዛል።

የአካባቢው ሀብት በዚህ አያበቃም። በጂንካ ዙሪያ የሚኖሩት አሪዎች በብዙ ድምፅ አዘፋፈናቸው ይታወቃሉ፤ ይህም የተለያዩ ዜማዎችን በአንድ ጊዜ አስማምቶ መዝፈን ማለት ነው። ፊላ በተባለው የደራሼዎች ጨዋታ ደግሞ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ድምፅ የቀርከሃ ዋሽንት ይዞ ተራው ሲደርስ ብቻ ስለሚነፋ፣ ዜማው የማንም የግል ሳይሆን የሁሉም ሆኖ ይወለዳል። ሙዚቀኛው ሙላቱ አስታጥቄ ይህን የደራሼዎች ጥበብ ደጋግሞ አድንቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው «ስኬችስ ኦፍ ኢትዮጵያ» አልበም ውስጥም በደራሼና በሱርማ ስም የተሰየሙ ሥራዎች ይገኛሉ።

ይህን የደቡብ ድምፅ ወደ ዘመናዊ ሙዚቃ ለማምጣት ከሙላቱ ውጭ የተደረገው ጥረት ግን አነስተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን ያሳተመው ጃኖ ባንድ ሮክ በአማርኛ እንደሚያምር አሳይቷል፤ ሆኖም አብዛኛው የከተማ ሙዚቃ ዛሬም የሚሽከረከረው በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ቅኝቶች ዙሪያ ሲሆን፣ ደቡብ ኦሞ ከድምፁ ይልቅ በክሊፑ ላይ ይታያል። አቀናባሪዎች የሚያጠኑት ነገር አላጡም፤ ጀርመናዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ኢቮ ሽትሬከር የቀረጻቸው የሐመር ሙዚቃዎች እ.ኤ.አ. በ1979 በበርሊን በሸክላ ታትመዋል፤ በጂንካም የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም አለ። ይህን ድምፅ ወደ ጊታር ለማምጣት የሚነሣ ባንድ አውጪውንና ተቀባዮቹን ስቱዲዮ አስገብቶ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆና ድርሻቸውን ከፍሎ፣ ስማቸውን ከአቀናባሪው ስም ጎን ሊያሰፍር ይገባል።