የምዕራቡ ዓለም ታላላቅ ድርሰቶች ዘመን የማይሽራቸው ስለ ምን ነው?

በየትምህርት ቤቱ የምዕራቡ ዓለም ዝነኛ ድርሰቶች ሲጠቀሱ የሚሰጠው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ «ታላላቅ ስለ ሆኑ» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ለመምህሩም ሆነ የትምህርት ሰዓት ለሚደለድለው የፕላን ባለሙያ የሚፈይደው ነገር የለም። የታላቅነታቸው ምንጭ ካልታወቀ አንድን ድርሰት በመርሐ ትምህርት ውስጥ ማስገባትም ሆነ ከዚያ ማውጣት በዘልማድ የሚፈጸም ሥራ ይሆናል። ስለዚህ ጉዳዩን በአንድ ድርሰት ላይ ተመሥርቶ መመርመር ይበጃል።

ግሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት ሶፎክልስ «አንቲጎኔ»ን ለአቴና ሕዝብ ያቀረበው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ዓመት ገደማ ነው። የቴብስ ንጉሥ ክሬዎን፣ በገዛ ከተማው ላይ ጦር አዝምቶ የሞተው ፖሊኒቄስ እንዳይቀበር ያውጃል። እኅቱ አንቲጎኔ አዋጁን ጥሳ በሬሳው ላይ አፈር ታለብሳለች፤ በዚህም ከነሕይወቷ በዋሻ እንድትዘጋ ይፈረድባታል። ንጉሡ ዘግይቶ ሲጸጸት እርሷ ራሷን ሰቅላለች፤ እጮኛዋ የነበረው የንጉሡ ልጅ ሐይሞንና ንግሥቲቱም በየተራ ራሳቸውን ያጠፋሉ።

በእድር ተሰባስቦ ሬሳን በክብር መሸኘትን ለሚያውቅ ተማሪ የአዋጁ ክብደት ማብራሪያ አያሻውም። ይሁን እንጂ ተውኔቱን ያኖረው የኀዘኑ ብርታት ብቻ አይደለም። ሶፎክልስ ለክሬዎንም ምክንያት ሰጥቶታል፤ ከተማዋ ገና ከጦርነት መውጣቷ ነው፤ ከተማውን የተከላከለና የወጋ በእኩል ከተከበሩ ሕግ ምን ይሆናል? ክሬዎን ተራ ጨካኝ ሆኖ ቢሳል ኖሮ ድርሰቱ ተግሣጽ ሆኖ ከዘመኑ ጋር ባለፈ ነበር። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄግል በተውኔቱ ውስጥ ሁለት እውነቶች ሲጋጩ አይቷል፤ ሌሎች ደግሞ ነቢዩ ቲሬስያስ በንጉሡ ላይ የተናገረውን ጠቅሰው ይህን አልተቀበሉም። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ፈረንሳዊው ዣን አኑይ ታሪኩን እንደገና ጽፎ በ1944 (እ.ኤ.አ.) ጀርመኖች በያዙት ፓሪስ ለመድረክ ሲያበቃው፣ ከፊሉ ተመልካች የአርበኝነት ጥሪ አገኘበት፤ ከፊሉ ግን ለገዢው ያደላ መሰለው። በደቡብ አፍሪካ የሮበን ደሴት የፖለቲካ እስረኞች ተውኔቱን በተጫወቱ ጊዜ ክሬዎንን ሆኖ የቀረበው ኔልሰን ማንዴላ ነበር። በ1973 (እ.ኤ.አ.) አቶል ፉጋርድ፣ ጆን ካኒና ዊንስተን ንትሾና «ደሴቱ» የተሰኘውን ተውኔት ሲያዘጋጁ መሠረት ያደረጉት ይህንኑ «አንቲጎኔ»ን ለማሳየት የሚለማመዱ ሁለት እስረኞችን ነው።

ነገር ግን ዘላቂነት ሁሉ ከድርሰቱ ብቃት ብቻ የመጣ ነው ማለት የዋህነት ነው። ሶፎክልስ ከ120 በላይ ተውኔቶች ሲጽፍ ሙሉ ሆነው የደረሱን 7 ብቻ ናቸው፤ እነዚህም የተረፉት በአመዛኙ ለትምህርት ተመርጠው ደጋግመው በመገልበጣቸው ነው። የሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» ደግሞ በ1681 (እ.ኤ.አ.) በናሆም ቴት እጅ መጨረሻው ተለውጦ፣ ኮርዴልያ ሳትሞት፣ መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል በእንግሊዝ መድረክ ቆይቷል። የየዘመኑ ጣዕም በዝነኛ ድርሰት ላይ እንኳ እንዲህ ያዝዛል።

የቋንቋ ለውጥም ሌላ ፈተና ነው። ከበደ ሚካኤል የሮሚዮና ዡልየትን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የኦቴሎንና የሐምሌትን ታሪክ ወደ አማርኛ ሲመልሱ፣ የእንግሊዝኛው የቃላት ጨዋታ ብዙው እንደሚቀር ግልጽ ነው። የቅናቱና የጥርጣሬው ትግል ግን ተሻግሮ በአማርኛ ተመልካች ዘንድ ቦታ አግኝቷል።

በክፍል ውስጥ የሚታየው ልማድ የታሪኩን አጽመ ሐሳብ በማስታወሻ አስጽፎ ለፈተና ማስጠናት ነው። የአቴና ተመልካች ግን የኤዲፐስን ቤተ ሰብ ታሪክ ወደ ቴአትሩ ሳይገባ አስቀድሞ ያውቀው ነበር፤ ተማሪው የሚሰጠው እንግዲህ የታሪኩን አጽም ብቻ ነው። በዚህ ፈንታ ሐይሞን አባቱን የሚሞግትበትን ክፍል በአንድ ክፍለ ጊዜ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማስነበብና ማከራከር ይቻላል። ለክሬዎን የሚቆመው ተማሪ ከጎበዝ ተናጋሪዎች መካከል ቢመረጥ ይሻላል፤ ደካማ ክሬዎን ከቀረበ ክርክሩ ሳይጀመር ያልቃልና።