ከጡቡ ወለል ሥር

በፈረንጆቹ 2023 መገባደጃ፣ ቨርጂኒያ በሚገኘው ማውንት ቨርነን፣ የጆርጅ ዋሽንግተንን መኖሪያ ቤት የማጠናከር ሥራ ቀጥሎ ነበር። ግንበኞቹ ምድር ቤቱን ከመንካታቸው በፊት የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ይፈትሹታል። በ1770ዎቹ የተነጠፈውን የጡብ ወለል አንስተው አፈሩን ሲጠርጉ ሁለት ጠርሙሶች ብቅ አሉ፤ እንደ ቆሙ፣ ሳይሰበሩ። በውስጣቸው የቼሪ ዘርና ጭራ ነበረ። የቼሪ አበባ ሽታ እንኳ አልለቀቃቸውም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2024 ጸደይ አምስት ጉድጓዶች ተገኙ፤ የወጡት ጠርሙሶች 35፣ ከእነዚህም 29ኙ ደህና ነበሩ። ቅርጻቸው የ1740ዎቹና የ1750ዎቹ የአውሮፓ ሥራ መሆኑን ይመሰክራል። ለክረምት እንዲቆይ የተቀበረ ፍሬ ነው፤ ጡቡ የተነጠፈው በላዩ ላይ ነው።

ማን ቀበረው? ጌታው ቆፍሮ እንዳልቀበረ ግልጽ ነው። ማርታ በ1759 ዋሽንግተንን ስታገባ ይዛቸው ከመጣቻቸው ባሪያዎች አንዷ ዶል ትባላለች። ወጥ ቤቱ በእሷ እጅ ስለነበር፣ ተመራማሪዎቹም ፍሬውን ከእሷና አብረዋት ከሚሠሩት ጋር ያያይዙታል።

ከዚያ የሚከብደው ጥያቄ ይመጣል፦ ለምን ሳይወጣ ቀረ? ዋሽንግተን በ1775 በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጦር ሊመራ ከቤቱ ወጣ፤ ጠቅልሎ የተመለሰው በ1783 የገና ዋዜማ ነው። በግርግሩ ተረስቶ ይሆናል የሚለው ግምት እኔን ያሳምነኛል።

ጦርነት ለዚህ ርስት እንግዳ አልነበረም። ስሙ ራሱ የጦር ሜዳ ትዝታ ነው፤ የዋሽንግተን ታላቅ ወንድም ሎውረንስ በ1741 በካርታኼና ዘመቻ ያዘዘውን አድሚራል ቨርነንን ለማክበር የሰየመው ነው። በ1781 ደግሞ ‘ሳቬጅ’ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በፖቶማክ ወንዝ መጣች። ርስቱን ይጠብቅ የነበረው የጆርጅ ዘመድ ሉንድ ቤቱ እንዳይቃጠል ስንቅ አቀረበላት። ጄኔራሉ ይህን ሲሰማ ቤቱ ተቃጥሎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር ብሎ በደብዳቤ ገሠጸው። መርከቧ ስትሄድ ግን 17 ባሪያዎች አብረዋት ሄደዋል። እነሱም የነጻነት ጦርነት ላይ ነበሩ፤ የእነሱ ነጻነት ግን በእንግሊዝ መርከብ በኩል ነበር። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በኋላ ተይዘው ወደ ባርነት ተመልሰዋል።

የጄኔራሉ ደብዳቤዎች ታትመው ይነበባሉ። የዶል እጅ ሥራ ግን የተገኘው ወለል ሲነሳ ነው። ስለዚህ ዲሲና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ወገኖች፣ ቦታው ቅርባችሁ ነው። እንግዳ ይዛችሁ ስትሄዱ አስጎብኚውን ስለ ጄኔራሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ዶልም ጠይቁት።